ከማስተካከያው ስክሪን የተላከው ኢቨንት ዝርዝሩ ጋ አይደርስም፤ ሬፕሌይ ሲጨመር ደግሞ ይደጋገማል

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁም። በኮትሊን የተጻፈ የአንድሮይድ አፕ ነው። ሁለት ፍራግመንቶች (የስክሪን ክፍሎች) አሉት፦ የትዕዛዞች ዝርዝርና የአንዱ ትዕዛዝ ማስተካከያ። «አስቀምጥ» ሲነካ ዝርዝሩ እንዲታደስና «ተቀምጧል» የሚል ስናክባር (ከታች ብቅ የሚል አጭር መልእክት) እንዲወጣ ነው የምፈልገው። ሲንግልተን (በአፑ ሁሉ አንድ ብቻ የሆነ ኦብጀክት) ውስጥ ካለ ሼርድፍሎው (ኢቨንቶችን ለሰብሳቢዎች የሚያደርስ ፍሰት) ላይ ከማስተካከያው ኤሚት አደርጋለሁ (እልካለሁ)፤ ዝርዝሩ በሪፒት ኦን ላይፍሳይክል (ስክሪኑ ሲታይ ብቻ በሚያስኬድ ፈንክሽን) ይሰበስባል። ወደ ዝርዝሩ ስመለስ ምንም የለም። ሬፕሌይን (ለአዲስ ሰብሳቢ የሚደገሙትን የቀድሞ ዋጋዎች ብዛት) 1 ሳደርገው ይደርሳል፤ ግን ስልኩ በዞረ ቁጥር ስናክባሩ እንደገና ብቅ ይላል። ምን ይሻላል?

መልስ 1
ማስተካከያው ሲከፈት የዝርዝሩ ቪው ይፈርሳል፣ ሰብሳቢውም አብሮ ይቋረጣል። ሬፕሌይ 0 የሆነ ሼርድፍሎው ሰብሳቢ ከሌለው ኤሚት የተደረገውን እዚያው ይጥለዋል። ኤክስትራ በፈር ካፓሲቲ (ተጨማሪ የመጠባበቂያ ቦታ) ቢጨምሩም አያድንም፤ እሱ የሚሠራው የዘገየ ሰብሳቢ ሲኖር እንጂ ጭራሹን በሌለበት አይደለም። ሬፕሌይ 1 ደግሞ የመጨረሻውን ዋጋ ለእያንዳንዱ አዲስ ሰብሳቢ ይሰጣል፤ ስልኩ ሲዞር የሚፈጠረውም አዲስ ሰብሳቢ ነው። ላይቭዳታም (ሌላው የአንድሮይድ ዳታ አድራሽ) ጠባዩ ይኸው ነው።

ለስናክባሩ ከፍራግመንት 1.3.0 ጀምሮ ያለውን ሴት ፍራግመንት ሪዛልት (አንዱ ፍራግመንት ለሌላው ውጤት የሚልክበት ፈንክሽን) ይጠቀሙ። ዝርዝሩ ኦንክሪኤት (ፍራግመንቱ ሲፈጠር የሚጠራው ፈንክሽን) ላይ ሊስነሩን (ውጤቱን የሚጠብቀውን ኮድ) በአንድ ቁልፍ ይመዝግብ፤ ማስተካከያው በዚያው ቁልፍ ውጤቱን ልኮ ይዘጋ። ተቀባዩ ስታርትድ (በስክሪኑ ላይ የሚታይ) እስኪሆን ውጤቱ ይጠብቃል፣ አንዴ ከደረሰ ይጠፋል።

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው ፍራግመንት ማኔጀሩ (ፍራግመንቶችን የሚከፍተውና የሚዘጋው) ላይ ነው። ላኪና ተቀባይ አንዱን ማኔጀር ካልተጋሩ ኤረርም ሳይመጣ ዝም ይላል። ማስተካከያውን በቻይልድ ፍራግመንት ማኔጀር (በዝርዝሩ ፍራግመንት የራሱ ማኔጀር) እንደ ዳያሎግ የከፈቱት ከሆነ ሊስነሩም እዚያው ላይ መመዝገብ አለበት። ባንድሉ (ውጤቱ የሚላክበት ጥቅል) ውስጥ የትዕዛዙን መለያ ቁጥር ብቻ ይላኩ። ሙሉ ዝርዝር ከጫኑበት፣ አፑ ወደ ጀርባ ሲሄድ ስቴቱ (ያለበት ሁኔታ) አብሮ ስለሚቀመጥ፣ 1 ሜጋባይት ገደማ የሆነውን የባይንደር (በፕሮሰሶች መካከል ዳታ የሚያስተላልፈው የአንድሮይድ ክፍል) ጣሪያ አልፎ ክራሽ ያደርጋል።

መልስ 2
ከላይ ያለው ትክክል ነው፤ ግን የዝርዝሩን መታደስ ከኢቨንት ያውጡት። «ዳታው ተቀይሯል» ማለት ስቴት ነው። ሩም (የአንድሮይድ ዳታቤዝ ላይብረሪ) የሚጠቀሙ ከሆነ ዳኦው (ኩዌሪዎቹ የሚጻፉበት ክፍል) ፍሎው ይመልስ፤ ሠንጠረዡ ሲነካ ኩዌሪው ራሱ እንደገና ይሮጣል፣ ማንም ለማንም መንገር አያስፈልገውም። ዳታቤዙ ግን አንድ ኢንስታንስ ብቻ ይሁን። ሁለት ቦታ ቢልድ ከተደረገ በአንደኛው የተጻፈውን ሌላኛው ላያውቀው ይችላል።

ሩም ከሌለ ሪፖዚተሪው (ዳታውን ለስክሪኖች የሚያቀርበው ክላስ) ውስጥ ስቴትፍሎው (የመጨረሻውን ዋጋ የሚይዝ ፍሎው) ያስቀምጡ። እዚህም አንድ ወጥመድ አለ፦ ያንኑ ሊስት ውስጡን ቀይረው መልሰው ቢሰጡት እኩል ነው ብሎ ያልፈዋል። ሁልጊዜ አዲስ ሊስት ይስጡት።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ፣ ዝርዝሩን ወደ ሩም ፍሎው አዛውረዋለሁ። ለስናክባሩ ግን ቻናል (እያንዳንዱን መልእክት ለአንድ ተቀባይ ብቻ የሚሰጥ ወረፋ) ቢሆንስ?

መልስ 3
አንድ ተቀባይ ብቻ ካለ ይሆናል፤ ሰብሳቢ እስኪመጣ በፈሩ ውስጥ ይቆያል። ሁለት ስክሪኖች ከሰበሰቡት ግን ይከፋፈሉታል እንጂ ሁለቱም ጋ አይደርስም። ቻናሉን የሚይዘው ቪውሞዴልም (የስክሪኑን ዳታ የሚይዘው ክላስ) የጋራ መሆን አለበት፦ በባይ ቪውሞዴልስ እያንዳንዱ ፍራግመንት የራሱን ነው የሚያገኘው፣ ስለዚህ ባይ አክቲቪቲ ቪውሞዴልስ ይጠቀሙ። አፑ ከጀርባ እያለ ሲስተሙ ፕሮሰሱን ቢገድለው ቻናሉ ውስጥ ያለው አብሮ ይጠፋል፤ የፍራግመንት ሪዛልቱ ግን ከተቀመጠው ስቴት ይመለሳል። ስለዚህ ለእርስዎ ጉዳይ ሪዛልቱን እመርጣለሁ።

ወደ ኮምፖዝ (ያለ ፍራግመንት ስክሪን የሚሠራበት የአንድሮይድ መንገድ) ከዞሩ ደግሞ በቀደመው ባክስታክ ኢንትሪ (ከኋላ ባለው ስክሪን መዝገብ) ሴቭድ ስቴት ሃንድል (በቁልፍ ዋጋ የሚቀመጥበት ቦታ) ላይ ይጻፉ፤ ዝርዝሩ እንዳነበበው ወዲያው ቁልፉን ሪሙቭ ያድርገው፣ አለዚያ መደጋገሙ ይመለሳል።