በገመድ የሚሠራ ድሪል በቤት ውስጥ ስለመጠቀም፦ በልስን የተቀበረ ሽቦ፣ እርጥብ ወለልና የሚሄድ የሚመጣ መብራት

የሽምብጥ ተከራይ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ከተከራየኋቸው ሁለት ክፍሎች በአንደኛው የመጋረጃ ዘንግ፣ በሌላኛው ደግሞ የወጥ ቤት ዕቃ መደርደሪያ ለመስቀል አስቤ ከአጎቴ በገመድ የሚሠራ ድሪል ተውሻለሁ። አከራዬ ግድግዳውን እንድበሳ ፈቅደውልኛል። ሆኖም ድሪል በእጄ ይዤ ስለማላውቅ፣ ለጥቂት ቀዳዳ ባለሙያ ጠርቼ የቀን ዋጋ ከመክፈሌ በፊት የትኛውን ሥራ ራሴ ልሠራው እንደምችልና የትኛውን መተው እንዳለብኝ ለመለየት እፈልጋለሁ።

ቤቱ በብሎኬት የተሠራና የተለሰነ ሲሆን ሽቦዎቹ በሙሉ ልስኑ ውስጥ ስለተቀበሩ በየት በኩል እንደሚያልፉ ከውጭ አይታይም። መጋረጃው ከሚሰቀልበት መስኮት በስተቀኝ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ደግሞ የጎረቤቴ ክፍል ይገኛል። ድሪሉ ባለ 650 ዋት ነው። ስፒናው ሁለት እግር ብቻ ስላለው አጎቴ «የመሬት መስመር የለውምና ተጠንቀቅ» ብለውኛል። ያለኝ ማከፋፈያ በጥቅል ላይ የተጠመጠመ ረጅም ገመድ ሲሆን መሐሉ ላይ ተቆርጦ በናስትሮ ተያይዟል። ክረምት በመሆኑ የወጥ ቤቱ ወለል ቀኑን ሙሉ አይደርቅም፤ መብራቱም ይሄዳል ይመጣል።

ጓደኞቼ ብሬከር እስካለ ድረስ ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም ይላሉ። እውነት ነውን? ጓንት ማድረግስ ይጠቅማል?

የመብራት ባለሙያ ከድባንቄ፦

ብዙ ሰው የሚደፍረው ብሬከር ያድነኛል ብሎ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። በቤት የሶኬት መስመር ላይ የምናገኘው ተራ ብሬከር ብዙውን ጊዜ የ16 አምፔር ነው። የተሠራው ሽቦው ከአቅሙ በላይ ተጭኖ እንዳይግል፣ እንዲሁም ሁለቱ መስመሮች ሲነካኩ ፈጥኖ እንዲቆርጥ ነው። ሰውን የሚጎዳው መጠን ግን ከዚህ እጅግ ያንሳል፤ ከ10 ሚሊ አምፔር ከፍ ሲል የእጅ ጡንቻ ስለሚኮማተር ብዙ ሰው የጨበጠውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ የሆነው በደረት በኩል ካለፈ ደግሞ እስትንፋስንና የልብን ምት ሊያውክ ይችላል። 16 አምፔር ማለት 16,000 ሚሊ አምፔር በመሆኑ፣ ኤሌክትሪክ አንድን ሰው ይዞ እያንቀጠቀጠው እንኳ ተራው ብሬከር ምንም እንዳልተፈጠረ ቆሞ ይመለከታል።

ለሰው ደኅንነት የተሠራው ብሬከር ሌላ ነው። በአንደኛው ሽቦ የወጣው ኤሌክትሪክ በሌላኛው ሙሉ በሙሉ መመለሱን እያነጻጸረ ይቆያል፤ ከፊሉ በሰው አካል ወይም በእርጥብ ግድግዳ በኩል ወደ መሬት ከፈሰሰና ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ከደረሰ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ይቆርጣል። ፊቱ ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ ስላለው በቀላሉ ይለያል። የመሬት መስመር ባልተዘረጋበት ቤትም ይሠራል፤ ይህንን አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቻችን እንኳ ሲጠራጠሩ እሰማለሁ። አንድ ሰው ሁለቱንም ሽቦ በአንድ ጊዜ ቢነካና ወደ መሬት የሚፈስ ነገር ባይኖር ግን ይህም ብሬከር ሊለየው አይችልም።

ስለ ስፒናው አጎትዎ ያሉት በከፊል ትክክል ነው። የድሪሉ ስም የተጻፈበት ልጣፍ ላይ አነስተኛ አራት ማዕዘን በሌላ አራት ማዕዘን ውስጥ ተስሎ ካዩ፣ መሣሪያው ድርብ መከላከያ ያለው ስለሆነ የመሬት መስመር አያስፈልገውም፤ ሁለት እግር ያለው ስፒናም ለእርሱ የተገባ ነው። ምልክቱ ከሌለና አካሉ በሙሉ ብረት የሆነ የቆየ ድሪል ከሆነ ግን፣ የመሬት መስመር በሌለው ሶኬት ላይ አይሰኩት።

ድርብ መከላከያውም ቢሆን የሚጠብቅዎት ከድሪሉ ውስጥ ከሚነሳ ብልሽት ነው። ፑንታው (የሚበሳው የድሪሉ ሹል ብረት) ግድግዳው ውስጥ ያለ ሽቦ ቢበጣ፣ ከፑንታው ጋር የተያያዘው የፊተኛው ብረት በሙሉ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። በመሆኑም በሚሠሩበት ጊዜ ድሪሉን በፕላስቲክ መያዣዎቹ ብቻ ይያዙት፤ ብዙ ጀማሪዎች ፑንታው እንዳይንሸራተት ብለው ግራ እጃቸውን ወደ ብረቱ ያስጠጋሉ፤ ይህ በጣም አደገኛ ልማድ ነው።

በናስትሮ የተያያዘውን ማከፋፈያ አይጠቀሙበት። ናስትሮው በጊዜ ብዛትና በሙቀት ይላላል፤ ገመዱ በተጎተተ ቁጥር ውስጥ ያለው መጋጠሚያም ይለቃል፣ ከዚያም ይግላል። ባለ 650 ዋት ድሪል በ220 ቮልት የሚስበው ወደ 3 አምፔር ገደማ በመሆኑ ብዙ አይደለም፤ ችግሩ ያለው በመጋጠሚያው ላይ ነው። ሲገዙ የሽቦው ውፍረት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ፣ መሐሉ ያልተቀጠለ ይምረጡ፤ በጥቅል ላይ ያለ ከሆነም በሙሉ ዘርግተው ይጠቀሙ፤ እንደተጠመጠመ ጭነት ሲበዛበት ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ወለሉን በተመለከተ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ ካልተቻለ በደረቅ ጣውላ ላይ ደረቅና ጎማ ሶል ያለው ጫማ አድርገው ይቁሙ፤ የማከፋፈያውም ራስ መሬት ላይ አይረፍ። በባዶ እግር ወይም በረጠበ ነጠላ ጫማ ከመሥራት ቀዳዳው ቢቀር ይሻላል።

አናጢና የማጠናቀቂያ ሥራ ባለሙያ፦

የኤሌክትሪኩን ነገር ወንድሜ በሚገባ ስላብራሩት እኔ ስለ ግድግዳው እናገራለሁ።

ከማብሪያ ማጥፊያ ወይም ከሶኬት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን የሚሄደውን መስመር ሽቦ እንዳለበት አድርገው ይቁጠሩትና አይብሱት። ይህ ግን በሥርዓት ለተዘረጋ ሽቦ ነው። በከተማችን ቤቶች ዘንድ ክፍል በክፍል ላይ እየተጨመረ፣ ሽቦ ለመቆጠብ ሲባል በአግድም በሰያፍ የተጎተተ መስመር ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፤ ስለዚህ በግምት ብቻ አይተማመኑ። የሽቦ መፈለጊያ መሣሪያ የሚያውስዎት ባለሙያ ካለ መልካም ነው፤ ከሌለ የሚበሱበትን ክፍል መስመር ማጥፋት ነው የሚሻለው።

እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ፤ ድሪሉ ራሱ መብራት ይፈልጋል። መፍትሔው የዚያን ክፍል ብሬከር አጥፍቶ ከሌላ ብሬከር ከሚያገኝ ክፍል በማከፋፈያ መሳብ ነው። በብዙ ትንንሽ ቤቶች የአምፖሉና የሶኬቱ ብሬከር ስለሚለያዩ፣ ከመስኮት በላይ ለመብሳት የአምፖሉን መስመር አጥፍተው ከሶኬት እየሳቡ በቀን ብርሃን መሥራት ይችላሉ፤ በዚያ በኩል የሶኬት ሽቦ ካለፈ ግን ይህ አያድንዎትም። የእርስዎ ወጥ ቤት ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ደግሞ የራስዎን ብሬከር ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ ባለበት ቤት የጎረቤት ሽቦ በእርስዎ በኩል ሊያልፍ ይችላልና፣ ጎረቤትዎን ሶኬታቸው በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ ለዚያች ግማሽ ሰዓትም እንዲያጠፉልዎት ይለምኗቸው። ከቧንቧ በላይና በታች ያለውንም ቦታ ይተውት።

አሁን ወደ መብሳቱ እንምጣ። የብሎኬት ውስጡ ክፍት በመሆኑ የፊተኛው ገጽ ቀጭን ነው። መምቻውን (ድሪሉ እየዞረ እንደ መዶሻ እንዲመታ የሚያደርገውን) ከፍተው ቢበሱት ከውስጥ በኩል ተሰባብሮ ይወድቅና ፊሸሩ (ብሎኑን እንዲይዝ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ) የሚጨብጠው ያጣል፤ ስለዚህ መምቻውን ዘግተው በማዞር ብቻ፣ ለኮንክሪት በተሠራ ፑንታ ቀስ ብለው ይብሱ። ከመስኮቱ በላይ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ፌሮ የተቀበረበት የኮንክሪት ቢም ነው፤ መምቻውን የሚፈልገው እርሱ ነው። ጀማሪን የሚጎዳውም እርሱ ነው። ፑንታው በቀላሉ እየገባ ሳለ በድንገት ከቆመና ድምፁ ከተለወጠ ፌሮ አግኝቷል ማለት ነው፤ በዚያ ቅጽበት ፑንታው ሲያዝ ድሪሉ በተራው በእጅዎ ውስጥ ሊዞር ይሞክራል፤ የእጅ አንጓ የሚወለቀውም፣ ሰው ከመሰላል የሚወድቀውም በዚህ ጊዜ ነው። የጎን መያዣው ተገጥሞ በሁለት እጅ መያዝ ያለበት ስለዚህ ነው። ሲያዝ ማስነሻውን ወዲያውኑ ይልቀቁ፤ በግድ አይግፉት፤ ቀዳዳውን ጥቂት ፈቀቅ አድርገው እንደገና ይጀምሩ።

ወንበር በወንበር ላይ ደርቦ መውጣት ይቅር፤ መሰላል ይዋሱ፤ ከታች የሚይዝልዎት ሰው ይኑር። ወደ ላይ ሲበሱ አቧራውና የኮንክሪት ፍንጣሪው በቀጥታ ዓይን ላይ ስለሚወርድ መነጽር ሳያደርጉ አይጀምሩ፤ አፍንጫና አፍዎንም ይሸፍኑ። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ሴራሚክ ካለው ለሴራሚክ የተሠራ ፑንታ ያስፈልጋል፤ መምቻውም ይዘጋ።

ከጣና ዳር፦

መብራት ስለመሄዱና ስለመምጣቱ የተነሳ ስለሌለ ልጨምር። በብዙ ድሪሎች መያዣ ላይ፣ ማስነሻው እንደተጫነ እንዲቆይ የምታደርግ ትንሽ መቆለፊያ ቁልፍ አለች። ተቆልፎ በሚሠራበት ጊዜ መብራት ሲሄድ ድሪሉ ስለሚቆም ሰው ረስቶት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፤ መብራቱ ሲመለስ ድሪሉ ማንም ሳይነካው በሙሉ ፍጥነት ይነሳል፤ ገመዱን እየጠቀለለ ወለል ላይ ይወድቃል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ምን ሊከተል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። እንግዲህ ለቤት ሥራ ቁልፏን ፈጽሞ አይጠቀሙባት፤ መብራት ሲሄድም አስቀድመው ስፒናውን ይንቀሉ።

ስለ ጓንት፣ እኔ ሁልጊዜ አደርጋለሁ፤ ብሎኬት እጅን ይልጣል።

የመብራት ባለሙያ ከድባንቄ፦

ስለ መቆለፊያዋ የተጻፈው በጣም ተገቢ ነው። በጓንቱ ግን አልስማማም። የሚሽከረከር ፑንታ የጨርቅ ጓንትን ጫፍ ከያዘ ጣትን አብሮ ይጠመልላል፤ የተንዘረፈፈ እጅጌ፣ ነጠላ፣ የአንገት ልብስና ያልታሰረ ፀጉርም እንደዚያው ናቸው። ጓንት የሚያስፈልገው ብሎኬት ሲሸከሙና ፍርስራሽ ሲጠርጉ ነው፤ ወይም ስፒናው ከተነቀለ በኋላ የጋለ ፑንታ ሲፈቱ። ፑንታ በሚቀየርበት ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ ስፒናው ይነቀል፤ ማጥበቂያ ቁልፉም ከቦታው መውጣቱ ይታይ፤ ተረስቶ ከቀረ ድሪሉ ሲነሳ ተወርውሮ ፊት ይመታል።

የሽምብጥ ተከራይ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ድሪሉን አገላብጬ አየሁት፤ ባለ ሁለት አራት ማዕዘን ምልክቱ አለ። ይሁን እንጂ ገመዱ ከመያዣው በሚወጣበት ቦታ የውጭው ጎማ ተሰንጥቆ ውስጥ ያሉት ሁለት ሽቦዎች በቀለማቸው ይታያሉ። በአየር ማስገቢያው በኩልም ሲሠራ ብልጭታ ይታያል። የብሬከሩን ሳጥንም ከፍቼ ተመልክቻለሁ፤ የመሞከሪያ ቁልፍ ያለው የለም።

የመብራት ባለሙያ ከድባንቄ፦

እንግዲያው በዚህ ሁኔታ አይጠቀሙበት። ገመዱ በየጊዜው የሚተጣጠፈው በዚያች ቦታ ስለሆነ መጀመሪያ የሚሰነጠቀውም እዚያው ነው፤ በናስትሮ መጠቅለልም መፍትሔ አይሆንም። የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ የተሰነጠቀውን ቆርጦ ጤነኛውን ክፍል ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ገመዱ ካጠረም በሙሉ ይቀይረዋል፤ ከመያዣው ውስጥ ገመዱን ጨብጦ የሚይዘው ማሰሪያ መመለሱን ግን አይተው ይረከቡ፤ እርሱ ከሌለ ገመዱ ሲጎተት ክብደቱ በሽቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ ያርፋል።

ብልጭታው ጥቃቅንና ሰማያዊ ከሆነ ለሚሽከረከረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው የካርቦኑ መፋተግ ስለሆነ አያሳስብም። ደመቅ ያለ፣ ዙሪያውን የሚዞርና የመቃጠል ሽታ ያለው ከሆነ ካርቦኑ አልቋል፤ ጠጋኙ በዚያው ይቀይርልዎት።

የሚፈለገውን ብሬከር ስለማስገባት አከራይዎን ያነጋግሩ፤ ሥራውን ግን ባለሙያ ይሥራው፤ ከቆጣሪው የሚመጣውን መስመር ለመንካት አይሞክሩ። ከተገጠመ በኋላ መብራት ባለበት ሰዓት የመሞከሪያ ቁልፉን ይጫኑት፤ ካልቆረጠ መልሰው ያስቀይሩት። እስከዚያው የመስኮቱን ቢምና ከጎረቤት ጋር የሚጋሩትን ግድግዳ ለባለሙያ ይተዉ። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ መስመር የራቁትን፣ ከመሬት ቆመው የሚደርሱባቸውን ቀዳዳዎች ግን ገመዱ ከተጠገነ፣ ብሬከሩ ከተገጠመና ወለሉ ከደረቀ በኋላ ራስዎ ሊሠሯቸው ይችላሉ።