ጦጣ ለማየት ባሕር ይሻገራል?

አወያይ፦ እንዴት አደራችሁ የደብረ ብርሃን ሰዎች! የዛሬው ክርክር ውጭ አገር ከምትኖር እህታችን የመጣ ነው። በሐምሌ ልጆቿን ይዛ ትመጣለች። ልጆቹ «ዝንጀሮ በዱር ካላየን» ብለው ወጥረው ይዘዋታል። ባሏ «ዛንዚባር እንሂድ፤ ባሕሩም ጦጣውም አንድ ላይ ነው» ይላል። እሷ ደግሞ ጭላዳ ዝንጀሮ ደጃችን እያለ ባሕር ማዶ ዶላር መበተን አልዋጥልሽ ብሏታል። እስቲ ፍረዱ።

የመንዝ ልጅ፦ ይሄ ምኑ ያከራክራል? ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የትም የለም። እኛ መንዝ፣ ጓሳ ላይ መንጋውን ገላጣ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለች። እዚያ ሄዳ ቅጠል ለቅጠል ጅራት ስትፈልግ ልትውል ነው?

ዛንዚባርን ያየች፦ ኧረ ወንድሜ፣ ሳታይ አትፍረድ! ጆዛኒ የሚባለው ጫካ ከዛንዚባር ከተማ 35 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እዚያ ያለው ቀይ ጉሬዛ የሚባል ጦጣ ደግሞ እንደ ጭላዳችን የአገሩ ብቻ ነው፤ ከዛንዚባር ውጭ አይገኝም። ሰው ስለለመደ ከአጠገብሽ ቁጥቋጦ ላይ ቅጠሉን ሲቀነጥስ ታይዋለሽ። ግንባሩ ላይ ነጭ ጸጉር ቆሞ፣ ከእንቅልፉ የተነሳ ሽማግሌ ነው የሚመስለው። ከሰል እንደሚበላስ ታውቃላችሁ? የማንጎ ቅጠል ውስጥ ያለውን ሆድ የሚጎዳ ነገር ያረክስለታል ይላሉ ያጠኑት ሰዎች። ሰዎች ከሰል ካከሰሉበት ቦታ ሳይቀር ይሰርቃል።

አስጎብኚው፦ ሁለታችሁም ወሩን ረስታችሁታል። ሐምሌ ነው እኮ የተባለው! ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ጉሙ ሲወርድ ጭላዳው ቀርቶ አጠገብህ የቆመው ሰው አይታይህም። ብርዱን መሐል ሜዳ ከተማ ያደረ ያውቀዋል። ዛንዚባር በዚያ ወር ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ለሐምሌ ከሆነ ባልየው ረቷል። ከመስቀል በኋላ ከመጣች ግን እኔም ከመንዝ ልጅ ጋር ነኝ። ጭላዳ ገደል ላይ ያድርና ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ ሜዳው ይወጣል። ያኔ ጸጥ ብላችሁ ብትቀመጡ ሥራውን ታያላችሁ። ሣሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ እየነጨ፣ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል። ሳይነሳ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደ ቀጣዩ ሣር ያልፋል። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። ዋናው ምግቡ ሣር የሆነ ሌላ ዝንጀሮ በዓለም ላይ የለም። በነገራችን ላይ፣ ከመነሳቷ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ከአካባቢው ሰው ትጠይቅ።

የመንዝ ልጅ፦ ቀይ ቀበሮውንስ ለምን ዘለልከው? ጓሳ ላይ ከጭላዳው መሐል ገብቶ አይጥ ያድናል። ጭላዳው እያየው አይሸሽም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ከመንጋው ጋር ሲሆን ከሦስት ሙከራው ሁለቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ከአራት አንዱ። ይሄን የትኛው ደሴት ላይ ታየዋለች?

ሹፌሩ፦ ምን ጓሳ ድረስ አስኬዳት? ጣርማ በር ላይ መኪናዋን ታቁምና ዳቦ ትወርውር። ራሳቸው ይመጣሉ። ልጆቹ ፎቶ ይነሳሉ፣ ደብረ ሲና ወርዳ ምሳዋን ትበላለች። አለቀ።

መምህርት፦ አይ ጋሼ! በዚህ እንኳን አልስማማም። ሣር በል እንስሳ ዳቦ ከለመደ አስፋልት ላይ ነው የሚውለው። አንድ ቀን ጎማ ሥር ይገባል። ጆዛኒም መንገዱ ጫካውን አቋርጦ ስለሚያልፍ ጉሬዛዎቹ በመኪና እየተገጩ አስቸግሮ ነበር፤ ኋላ መንገዱ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ተሠራ። ባሊ ደሴት ኡሉዋቱ የሚባል ቤተ መቅደስ ያሉት ጦጣዎች የቱሪስት መነጽርና ስልክ ነጥቀው፣ ምግብ ካልተሰጣቸው አይመልሱም። ሌባ ያደረጋቸው ሰው ነው። የእኛንም እንደዚያ እናድርጋቸው?

ሹፌሩ፦ አንድ ዳቦ መወርወር ወንጀል ሆነ? እኔ እኮ ልጆቹ ደስ እንዲላቸው ብዬ ነው።

የገብስ አራሹ ልጅ፦ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ አሁን ግን ልናገር። እናንተ ስለ ፎቶ ታወራላችሁ። እኔ ልጅነቴን የጨረስኩት ማሳ ዳር ወንጭፍ ይዤ ጭላዳ ስጠብቅ ነው። ገብሱ እሸት ሲይዝ አንድ መንጋ ከገባ የዓመቱ ቀለብ ሄደ ማለት ነው። ትምህርት ቤት የምቀርበትን ቀን አባቴ የሚወስነው በጭላዳ ነበር። ቱሪስቱ አይቶት ይሄዳል፤ የሚያበላው አባቴ ነው።

ዛንዚባርን ያየች፦ ይሄ ልክ ነው። እዚያ ከመግቢያው ገንዘብ ከፊሉ በጫካው ዙሪያ ላሉ መንደሮችና ሰብላቸው ለሚበላባቸው ገበሬዎች ይሰጣል። አስጎብኚያችን ራሱ የዚያው መንደር ልጅ ነበር።

የመንዝ ልጅ፦ ጓሳም እኮ የመንግሥት ፓርክ አይደለም፤ የማኅበረሰቡ ጥብቅ ቦታ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አባቶቻችን ሣሩን በራሳቸው ደንብ ለዓመታት እየዘጉ፣ እየከፈቱ ነው ያቆዩት። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያ ደንብ ሲፈርስ ቦታው ምን እንደደረሰበት ትልልቆቹ ይነግሯችኋል። ሕዝቡ ባይጠብቀው ኖሮ ዛሬ ጭላዳ ብለን አንከራከርም ነበር።

የገብስ አራሹ ልጅ፦ ጓሳ እሺ። ከጓሳ ውጭ ያለነውስ? በጣርማ በርም በአንኮበርም ገደሉ ጫፍ ላይ የሚያርስ ሰው አለ። መኪና ቆመ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ሄደ። ለዚያ ሰው ሳንቲም የሚጥል አይቼ አላውቅም።

አስጎብኚው፦ ይሄ የእኛም ጥፋት ነው፣ አልክድም። እንግዳ ስናመጣ የምንከፍለው ለሆቴልና ለነዳጅ ነው። የቀበሌው ወጣቶች ቢደራጁና በመኪና ትንሽ ቢያስከፍሉ፣ ከዚያ ላይ ለሰብል ጠባቂ ቢቀጥሩ፣ ለመክፈል እምቢ የሚል እንግዳ ያለ አይመስለኝም።

ሹፌሩ፦ ያኔ ደግሞ በየጠመዝማዛው ገመድ የሚወጥር ጎረምሳ ሊበዛ ነው። ደረሰኝ ካለው ግን እከፍላለሁ።

አወያይ፦ እህታችን አሁን ጻፈችልኝ። ሐምሌን ለባሏ ለቃለታለች። ልጆቹን ለገና ወደ ጓሳ ልታመጣቸው ነው። ገብስ ጠባቂ ሆኖ ያደገውን ልጅ አገናኙኝ፣ እሱ ያስጎብኘን፣ የሚገባውን እንከፍላለን ብላለች።

የገብስ አራሹ ልጅ፦ ትምጣ። ዳቦ ግን ይዛ እንዳትመጣ።