«ቁጥር ብቻ ነው» ላላችሁ፦ የሮብሎክስ 79.5 ሚሊዮን ሰው ነው አካውንት?

ነቄ ዘሜክሲኮ፦
«ሂንደንበርግ ተዘጋ፣ ሮብሎክስ ነጻ ወጣ» የሚለውን ፖስት ለስንተኛ ጊዜ ነው የምታዞሩት? ለዘነጋ ሰው፦ የኩባንያዎችን ጉድ እያወጣ የሚያተርፈው ሂንደንበርግ ሪሰርች ኦክቶበር 8 ቀን 2024 ባወጣው ሪፖርት ሮብሎክስ፣ ያ የኦንላይን ጨዋታ መድረክ፣ የሰው ቁጥሩን ከ25 እስከ 42 በመቶ፣ የጨዋታ ሰዓቱን ደግሞ ከእጥፍ በላይ አጋኗል አለ። ኩባንያው ወዲያው አስተባበለ። ሂንደንበርግ በ2025 መጀመሪያ ሱቁን መዝጋቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከሳሽ ጡረታ ወጣ ተብሎ ተከሳሽ ነጻ አይባልም።
ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን ቢኒ «ቁጥር ብቻ ነው፣ ማን ተጎዳ?» ያለው ነው። ቁጥር ብቻ ከሆነ ለምንድነው በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ከላይ የሚሰቅሉት?

ቢኒ ስቱዲዮ፦
ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ቦት ሮባክስ (የሮብሎክስን ገንዘብ) አይገዛም። በ2024 ሁለተኛ ሩብ ዓመት 79.5 ሚሊዮን የዕለት ተጠቃሚና 955.2 ሚሊዮን ዶላር ቡኪንግ (ማለትም ተጠቃሚው የከፈለው ሽያጭ) ነው ያሳወቁት፤ ለአንድ ተጠቃሚ 12 ዶላር ገደማ። የሂንደንበርግን ክፉውን ግምት ወስደን 42 በመቶ እንቁረጥ። 46.1 ሚሊዮን ይቀራል። ብሩ ግን ያው ነው፣ እንዲያውም በነፍስ ወከፍ ወደ 20.7 ዶላር ይወጣል። ይሄ ስድብ ነው ሙገሳ?
በዛ ላይ ሪፖርቱን የጻፈው አክሲዮኑ ሲወድቅ የሚያተርፍ ድርጅት ነው።

ሜሪ ኦዲት፦
ቢኒዬ መጀመሪያ ሒሳቡን አስተካክል። በ42 በመቶ ተጋነነ ማለት እውነተኛው ቁጥር በ1.42 ተባዝቷል ማለት ነው። 79.5ን ለ1.42 ስታካፍል 56 ሚሊዮን ነው የሚመጣው። የሚቆረጠው 30 በመቶ ያህል እንጂ 42 አይደለም። በነፍስ ወከፍ 17 ዶላር።

ቢኒ ስቱዲዮ፦
እሺ ቲቸር። 17 ይሁን። ነጥቤን ነካሽው?

ሜሪ ኦዲት፦
ነጥብህን አልነካሁም፣ ነጥብህን ቀጥ አድርጌ አቆምኩልህ። አመስግን።

ነቄ ዘሜክሲኮ፦
ሰዓቱንስ ምን ልትሉት ነው? 17.4 ቢሊዮን ሰዓት ለዚያው ሩብ ዓመት። ለ79.5 ሚሊዮን አካፍሉት፣ ከዚያ ለ91 ቀን። 2.4 ሰዓት ይመጣል። እያንዳንዱ አካውንት፣ በየቀኑ፣ በአማካይ! ሂንደንበርግ በራሱ መንገድ ለክቼ ያገኘሁት 22 ደቂቃ ነው ይላል።

ሜሪ ኦዲት፦
ሁለቱ መለኪያዎች አንድ አይደሉም። ኩባንያው ቻቱንም አቫታር (የተጫዋቹ ምስል) የሚለበስበትንም ጊዜ ይደምራል።

ነቄ ዘሜክሲኮ፦
ሁለት ሰዓት ሙሉ አቫታር ማልበስ? ሙሽራ ነው እንዴ?

ዳጊ ሉዋ፦
ሁላችሁም «ቦት» እያላችሁ ሦስት የተለያየ ነገር እያደባለቃችሁ ነው።
አንደኛው በስክሪፕት የተከፈተ፣ ሰው የሌለበት አካውንት ነው። ሁለተኛው አልት፣ ማለትም አንድ ልጅ የከፈተው አራተኛ አካውንት፣ ለዋናው ዕቃ የሚያቀብል። ሦስተኛው ባለቤቱ ተኝቶ ክፍት የተተወ እውነተኛ አካውንት ነው። ሰዓቱን የሚያሳብጠው በዋናነት ሦስተኛው ይመስለኛል፣ እሱን ደግሞ ማንም ቦት ብሎ አይከስም።
ሮብሎክስ ምንም ሳትነካ 20 ደቂቃ ከቆየህ ያስወጣሃል። ስለዚህ አውቶክሊከር (ራሱ የሚነካ ፕሮግራም) ከፍቶ መተኛት ነው፤ በየጥቂት ደቂቃው አንድ ክሊክ፣ ቆጣሪው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አንዳንድ ጨዋታ ደግሞ ራሱ እንድትተኛበት ተደርጎ የተሠራ ነው። ግሮው ኤ ጋርደንን እዩት። የዘር ሱቁ በየ5 ደቂቃው ይሞላል፣ ያ ብርቅ ዘር እንዳያመልጠው ታብሌቱን ቻርጀር ላይ ሰክቶ የሚያድር ስንት ነው? በ2025 ጁን ከ21 ሚሊዮን በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ገብቷል ሲባል ስንቱ ዐይኑ ክፍት ነበር ብሎ የጠየቀ አለ?

ቢኒ ስቱዲዮ፦
ተኝቶም ቢሆን ሰው ነው።

ነቄ ዘሜክሲኮ፦
«ተኝቶም ቢሆን ሰው ነው» 😂 ይሄን ፍሬም አድርጌ እሰቅለዋለሁ።

አሮጌው አቫታር፦
ልጆች፣ ይህ ክርክር ሰው በአቫታር መሬት በሚይዝበት የኦንላይን ዓለም፣ በሰከንድ ላይፍ ዘመን አልቆ ነበር። ቢኒ «ማን ተጎዳ» ስላልክ ልመልስልህ።
እዚያ ፍለጋው ላይ ቦታዎች የሚደረደሩት በትራፊክ ነበር። ትራፊክ ማለት በግርድፉ አቫታሮች በቀን ውስጥ መሬትህ ላይ የቆዩበት ደቂቃ ድምር ነው። መጀመሪያ ሰዎች ወንበር ደረደሩ፤ ለተቀመጠ በየ10 ደቂቃው ጥቂት ሊንደን ዶላር (የዚያ ዓለም ገንዘብ) ይጥሉለታል። በኋላ ለሰው ከመክፈል ቦት ይሻላል አሉ። ሥዕሉን የማያሳይ ቀላል ፕሮግራም ስለሆነ አንድ ተራ ኮምፒውተር ብዙ ይሸከማል። 30 ቦት በ1,440 ደቂቃ ሲባዛ በቀን 43,200 ነጥብ ነው። ካርታው ላይ ቦትም ሰውም ያው አረንጓዴ ነጥብ። የት እንዳሉ ለማየት ብትሄድ ሱቁ ባዶ ነው፤ ሚኒማፑ ከላይህ አሉ ይልሃል። በሺህ የሚቆጠር ሜትር ሰማይ ላይ፣ በር በሌለው ሳጥን ውስጥ ተደራርበው ቆመዋል።
አሁን የተጎዳውን ላሳይህ። ሜይንላንድ በሚባለው የጋራ አህጉር ላይ አንድ ሪጅን (የመሬት ክፍል) የሚይዘው 40 አቫታር ነው፣ 256 በ256 ሜትሩን መሬት ደግሞ ብዙ ባለቤት ይጋራዋል። አንዱ 30 ቦት ሲያቆም ለጎረቤቶቹ ሁሉ የሚቀረው 10 ቦታ ነው። ጎረቤትህ ኮንሰርት ጠርቶ እንግዳው «ሪጅኑ ሞልቷል» ተብሎ ከደጅ ይመለሳል። ሰርቨሩም ይንቀረፈፋል። ቁጥር ብቻ ነው?

ቢኒ ስቱዲዮ፦
ጋሼ ክብር አለኝ፣ ግን ያ መሬት ነው። ሮብሎክስ ሲሞላ ሌላ ሰርቨር ይከፍታል። የጎረቤት በር የሚዘጋ የለም።

አሮጌው አቫታር፦
የሚከፈተው ሰርቨር ወጪ የማን ነው?

ቢኒ ስቱዲዮ፦
የኩባንያው። ይክፈል እንግዲህ!

ሜሪ ኦዲት፦
በ2024 የቪዲዮ ማስታወቂያ ጀምረዋል። የተኛ ታብሌት ፊት ለሚታይ ማስታወቂያ የሚከፍለው አስተዋዋቂው ነው። አንድ ተጎጂ አገኘንልህ።

ዳጊ ሉዋ፦
ሌላ ተጎጂ ልጨምር፦ ቦቱን የገዛው ሰውዬ ራሱ።
«ቪዚት» የሚባለው ቁጥር በገባህ ቁጥር ስለሚቆጥር ቦት ሻጮች እሱን ነው የሚሸጡት። ግን ሆም ገጽ ላይ ጨዋታህን የሚያወጣው ቪዚት አይደለም። የገባ ሰው ምን ያህል ቆየ፣ ተመልሶ መጣ ወይ፣ ገንዘብ አወጣ ወይ፣ ከጓደኛ ጋር ተጫወተ ወይ ነው የሚታየው። 1,000 ሰው በአማካይ 15 ደቂቃ ይጫወትልሃል እንበል። ድምሩ 15,000 ደቂቃ። 9,000 ቦት ገዛህ፣ እያንዳንዱ 20 ሰከንድ ቆይቶ ወጣ፣ 3,000 ደቂቃ ጨመረ። አሁን 18,000 ለ10,000 አካፍል። 1.8 ደቂቃ። ማጣሪያው ቦቱን ካልለየው በገንዘብህ ጨዋታህን ቀበርክ። ከለየው ደግሞ በገንዘብህ ምንም አልገዛህም።

ቢኒ ስቱዲዮ፦
እኔም እኮ ይሄን ነው የምለው! ቁጥር ብቻ ነው፤ ሞኝ ይገዛዋል፣ ሲስተሙ ይቀጣዋል።

ነቄ ዘሜክሲኮ፦
አይ፣ አንተ ያልከው «ማን ተጎዳ» ነው። አታንሸራት።
በነገራችን ላይ ይሄን የሚለን 40 ሺህ ሜምበር፣ በፖስት 180 ቪው ያለው የቴሌግራም ቻናል ባለቤት ነው። ቀሪው 39,820 ተኝቶ ነው መሰለኝ። ተኝቶም ቢሆን ሰው ነው።

ቢኒ ስቱዲዮ፦
ቻናሉን ከነሜምበሩ ነው የገዛሁት! አንተ ከማን እንደገዛሁት ታውቃለህ እንዴ? ክርክር ሲያልቅብህ ሰው ቻናል ውስጥ ትገባለህ።

ሜሪ ኦዲት፦
ከነሜምበሩ ገዛ ማለት ተጎጂው ራሱ ነው ማለት ነው 😂😂 ጥያቄህ ተመለሰ።

ቢኒ ስቱዲዮ፦
ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ሮብሎክስ በየሪፖርቱ ውስጥ የዕለት ተጠቃሚ ማለት ልዩ ግለሰብ ማለት አይደለም፣ አንድ ሰው ብዙ አካውንት ሊኖረው ይችላል ብሎ ጽፏል። ነግሮሃል። ያላነበብከው አንተ ነህ።

ነቄ ዘሜክሲኮ፦
የሂንደንበርግ ክስ ጭራው እዚሁ ጋ ነው እኮ። ሰነዱ ላይ አካውንት፣ ማይክ ሲጨብጡ ሰው። ለቅሶ ላይ አልቃሽ ቀጥረህ ጥጉ ላይ «አንዳንዶቹ ዘመድ አይደሉም» ብለህ እንደመጻፍ ነው። ጽፈሃል፣ አዎ።

ሜሪ ኦዲት፦
አልቃሿ ግን ቢያንስ ታለቅሳለች።

አሮጌው አቫታር፦
የሰከንድ ላይፍ ባለቤት ሊንደን ላብ በ2009 ቦት አቁሞ ትራፊክ መጨመርን ከለከለ፤ ለሌላ ሥራ የሚያገለግል ቦት ደግሞ ባለቤቱ አካውንቱ ላይ «በስክሪፕት የሚሠራ ነው» ብሎ ምልክት ካደረገ ከትራፊክ ይወጣል። በ2023 ደግሞ የሪጅን ባለቤቶች ምልክት ያለበትን ቦት ጨርሶ እንዳይገባ መዝጋት ቻሉ።

ነቄ ዘሜክሲኮ፦
በሉ እንግዲህ፣ ሮብሎክስም ይሄን ያድርጋ። የተኛውን ለይቶ ለብቻው ይቁጠርልን።

ዳጊ ሉዋ፦
ጋሼ ያለው ራሱ ቀዳዳ አለው። ምልክቱን የሚያደርገው ማነው? የቦቱ ባለቤት። ጨዋው ምልክት አድርጎ ከቆጠራ ይወጣል፣ ሌባው ዝም ብሎ ይቆጠራል። ሮብሎክስ ላይ ደግሞ አውቶክሊከሩ ስልኩ ላይ ነው የሚሠራው፣ ለሰርቨሩ የሚደርሰው ያው ንክኪ ነው። በየ4 ደቂቃው እኩል ሰዓት የሚመጣ ክሊክ ይያዛል እንበል። ከ3 እስከ 6 ደቂቃ እያዘበራረቀ የሚነካውንስ በምን ትለየዋለህ?

ነቄ ዘሜክሲኮ፦
እነሱ እኮ መለየት ይችላሉ፣ አይፈልጉም ነው የምለው።

ዳጊ ሉዋ፦
በምን እንደሚለይ ጠየቅኩህ እኮ፣ ፍላጎታቸውን አልጠየቅኩህም።

ቢኒ ስቱዲዮ፦
መልስ የለውም። ቁጥር ብቻ ነው ብያለሁ።

ነቄ ዘሜክሲኮ፦
አንተ ዝም በል፣ 180 ቪው።