ጃንደረባው የማን ነው?

የአራት ኪሎዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። የእህቴ ልጅ 12 ዓመቷ ነው። እሁድ ከሰንበት ትምህርት ቤት ደረቷን ነፍታ መጣችና «ከአሕዛብ ቀድመን ወንጌልን የተቀበልን እኛ ነን፤ ጃንደረባው የኛ ሰው ነው» አለችኝ። ሰኞ ይህንኑ ክፍል ውስጥ ስትናገር የኅብረተሰብ መምህሯ «ሰውዬው የዛሬው ሱዳን ሰው ነው» አሏት። ማታ አኩርፋ ገባች። እራትም አልበላም አለች። «ማናቸው ናቸው የዋሹኝ?» ትላለች።

መልስ አጣሁ። ስለዚህ ወደ እናንተ አመጣሁት። በመጽሐፍ ቅዱስ «ኢትዮጵያዊ» የተባሉትን ሰዎች ለልጆች «የኛ» ብለን እናስተምር ወይስ አናስተምር? ስድብ የለም። ፖለቲካም ይቅር። (እንደማይቀር አውቃለሁ።)

የጊዮርጊስ ዲያቆን፦
ይሄ ደግሞ ይጠየቃል እንዴ? የሐዋርያት ሥራ 8፥27ን ክፈቺ። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ባለሟል ነው የሚለው። በትውፊታችን ስሙ ባኮስ ነው። የተጠመቀውም በ34 ዓ.ም. ነው ብላ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ደግሞ ኢየሩሳሌም ምን ሊሠራ ሄደ? ሊሰግድ! ፊልጶስ ሲደርስበት በሰረገላው ላይ ኢሳይያስን እያነበበ ነበር። ብሉይን ቀድሞም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ዳዊትስ? «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር።» ይህን ያህል ተጽፎልን ለጎረቤት እንስጠው? ልጅቷ አልተዋሸችም።

መምህር ከስድስት ኪሎ፦
ዲያቆን፣ በአክብሮት። ህንደኬ የአንዲት ሴት ስም አይደለም፣ ማዕረግ ነው። ግሪኮቹ ካንዳኬ ይሉታል። የመርዌ ንግሥታት መጠሪያ ነበር። መርዌ ከካርቱም በስተሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ዓባይ ዳር ያለች ናት። ፒራሚዶቿ ዛሬም ቆመዋል።

ስሙ ወደ እኛ የመጣበት መንገድ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ዕብራይስጡ ኩሽ ነው የሚለው። ከግብፅ በስተደቡብ ያለው አገር ማለት ነው። የብሉይ መጻሕፍት በእስክንድርያ ወደ ግሪክ ሲተረጎሙ ኩሽ «አይቲዮፒያ» ሆነ። ግሪኮች ፊቱ የጠቆረውን ሕዝብ ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። የኛ አባቶች ወደ ግዕዝ የመለሱት ከግሪኩ ነውና ስሙም አብሮ ገባ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዒዛና ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ በግዕዙ «ሐበሠት» የተባለው በግሪኩ «ኢትዮጵያውያን» ነው የተባለው። ያኔ ስሙን የራሳችን አደረግነው። መምህሯም አልዋሹም፣ የነገሯት ካርታውን ነው።

ፒያሳ ኬክ ቤት፦
አንድ ጥያቄ። 2ኛ ዜና መዋዕል 14 ላይ አንድ ሚሊዮን ጦር ይዞ ይሁዳን ሊወጋ ሄዶ በንጉሥ አሳ የተሸነፈ ኢትዮጵያዊ አለ። እሱንስ ማን ይውሰደው? ገንዘብ ያዡ የኛ፣ የተሸነፈው የሱዳን ነው?

የጊዮርጊስ ዲያቆን፦
ቀልደኛ። እሱንም እንወስደዋለን።

ፒያሳ ኬክ ቤት፦
እግዜር ይስጥህ። እኔ የፈራሁት ሜዳ ላይ እንዳይቀር ነው።

ከሠንጋ ተራ ባንክ፦
እኔ የአገሩ ጉዳይ ብዙም አያንገበግበኝም። የገረመኝ ሥራው ነው። «በገንዘብዋም ሁሉ የሠለጠነ» ይለዋል። የአንድ መንግሥት ግምጃ ቤት በእጁ ነው። ፊልጶስ ደግሞ በእግሩ እየሮጠ የመጣ መንገደኛ ነው። «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀው። በኛ ቢሮ ቢሆን ጥበቃ ይጠራ ነበር። ሰውየው ግን «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሎ አጠገቡ አስቀመጠው። እኔ ባንክ ውስጥ ስሠራ 9 ዓመቴ ነው። እንዲህ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው «አልገባኝም» ሲል አንድም ቀን አልሰማሁም። ለልጅቷ ይሄን ንገሪያት።

የአራት ኪሎዋ፦
ነግሬያት «እሺ፣ ግን የማን ነው?» አለችኝ።

ፎርማኑ፦
እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እንግዲህ አትናደዱብኝ። ሁልጊዜ ስለ ጃንደረባው ነው የምንጨቃጨቀው። አቤሜሌክን ለምን ትረሱታላችሁ? ኤርምያስ 38። ነቢዩን ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። ውኃ የለውም፣ ጭቃ ብቻ ነው። ሰውየው ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። የኢየሩሳሌም መኳንንት በሙሉ ያውቃሉ። የነቢዩ ወገኖች ናቸው፣ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ንጉሡ ፊት የቆመው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። «እነዚህ ሰዎች ክፉ አደረጉ» አለ። ንጉሡም ሠላሳ ሰው ሰጠው።

አሁን የምላችሁን ደግሞ የጉድጓድ ሥራ ያልሠራ ሰው አያስተውለውም። አቤሜሌክ ገመዱን ከመጣሉ በፊት ዕቃ ቤት ገባ። አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ለቃቅሞ አወረደለት። «በብብትህ ከገመዱ በታች አድርገው» አለው። ከዓመታት በፊት አንድ ሳይት ላይ የቀን ሠራተኛ ልጅ መሠረት ቁፋሮ ውስጥ ወደቀብን። በገመድ ጎትተን አወጣነው። ሕይወቱ ተረፈ። ብብቱ ግን ተልጦ ሁለት ወር እጁን ማንሳት አልቻለም። ስንደነግጥ ጨርቅ አላሰብንም። ያ ሰውዬ ግን አስቦበታል። ንጉሥ ፊት ቆሞ ለመናገር ድፍረት በቂው ነው። ጨርቅ ለመፈለግ ግን የሌላውን ሰው ብብት በራስህ ላይ ማሰብ አለብህ።

የጊዮርጊስ ዲያቆን፦
ፎርማን፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ግን ታሪኩን ግማሽ መንገድ ላይ ተውከው። በኛ ተረፈ ባሮክ ላይ አለ። ኤርምያስ አቤሜሌክን በለስ ለቅመህ ና ብሎ ላከው። ከዛፍ ሥር ጋደም ቢል 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ የኢየሩሳሌምን ጥፋት ሳያይ ቀርቷል፣ በለሱም ገና ወተቱ ይንጠባጠብ ነበር። ከጉድጓድ ላወጣ ሰው የተከፈለ ዋጋ ነው።

ፎርማኑ፦
ይሄ እኛ ጋ የለም። ግን ደስ ይላል።

ቤንጋዚን ያየሁ፦
ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው። ዛሬ ልጻፍ። እስካሁን የቀሬናውን ስምዖን ማንም አላነሳም። ቀሬና የዛሬዋ ሊቢያ ናት። ፍርስራሹ ከቤንጋዚ በስተምሥራቅ፣ ሸሃት የሚባል ከተማ አጠገብ ነው። እኔ አላየሁትም። እዚያ አገር ስኖር ያየሁት የመጋዘን ግድግዳ ነው።

ማርቆስ 15፥21 ላይ «መንገድ አላፊ» ይለዋል። ከገጠር እየመጣ ነበር። ይዘው መስቀሉን እንዲሸከም «አስገደዱት»። ሰባኪዎች ሁሉ መስቀሉን በደስታ የተሸከመ አድርገው ነው የሚያወሩት። የተጻፈው ግን እንዲያ አይደለም። መንገድ ላይ ተይዞ ነው። መንገድ ላይ መያዝ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ስምህን አይጠይቁህም። ትከሻህን ነው የሚያዩት። ማርቆስ ግን ስሙን ብቻ ሳይሆን የልጆቹንም ስም ጻፈለት፤ አሌክስንድሮስና ሩፎስ። አንባቢዎቹ የሚያውቋቸው ልጆች መሆናቸው ነው። ሚያዝያ 2007 ቂርቆስ ሰፈር ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ስም መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሌላ አልጨምርም።

መምህር ከስድስት ኪሎ፦
ወንድሜ፣ እንኳን ለአገርህ አበቃህ። ለእውነት ያህል ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። ቀሬና የግሪኮች ቅኝ ከተማ ነበረች። ብዙ አይሁድ ይኖሩባት ነበር። ስምዖንም አይሁዳዊ ሊሆን ይችላል። «አፍሪካዊ» የምንለው በቆዳው ሳይሆን በተወለደበት መሬት ነው።

ቤንጋዚን ያየሁ፦
ይሁን መምህር። እኔ ጉለሌ ተወልጄ እዚያ ያሉት «ከየት ነህ?» ሲሉኝ «አፍሪካ» ነበር የምለው። ሊቢያዊውም ያው አፍሪካ ላይ ቆሞ ነው የሚጠይቀኝ።

ከዓድዋ ሙዚየም ፊት ለፊት፦
እናንተ የኛ ወይስ የሱዳን እያላችሁ ነው። ሌላው ዓለም ግን ስሙን ከወሰደ ቆየ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማንጌና ሞኮኔ የሚባል የሜቶዲስት አገልጋይ የነጮቹን አድልዎ ጥሎ ወጣና በ1892 እ.ኤ.አ. «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» መሠረተ። ከዓድዋ ድል አራት ዓመት በፊት ነው። ስሙን ያገኘው ዲያቆን ከጠቀሰው ከዚያው መዝሙር ነው። ኒውዮርክ ያሉ ጥቁሮችም በ1808 እ.ኤ.አ. ቤተ ክርስቲያናቸውን አቢሲኒያን ብለው ሰይመዋል። ያን ጊዜ «ኢትዮጵያ» ለእነሱ «ጥቁር ሰውም መጽሐፉ ውስጥ አለ» ማለት ነበር። የኛ ብቻ ነው ብለን አጥር ብናጥር እነሱን ከየት እናስወጣቸዋለን?

የጊዮርጊስ ዲያቆን፦
አጥር ያጠረ የለም። ግን ሁሉ ነገር የሁሉም ከሆነ ለልጅቷ ምን ቀራት? ንግሥተ ሳባንም የመን ናት ልትሉ ነው።

መምህር ከስድስት ኪሎ፦
የሚሉ አሉ፣ አዎ። እኔ ግን በሳባ ላይ አልከራከርም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ላይ ሳይቀር የንጉሡ ዘር ከሳባና ከሰለሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ እንደሚወርድ ተጽፎ ነበር። ቸርችል ጎዳና ውረድ፤ የስጦታ ዕቃ ሱቁ ሁሉ በ44 ክፍል የተሳለ ሥዕሏን ይሸጣል። እሷ ባህላችን ሆናለች። ጠብ የለኝም።

ደግሞ የራሳችን የለንም እንዴ? ፍሬምናጦስ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ከእስክንድርያው አትናቴዎስ ተሹሞ አክሱም የመጣው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ኖባውያን፣ የዛሬው ሰሜን ሱዳን ሰዎች፣ ክርስትናን የተቀበሉት ከዚያ በኋላ፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ጃንደረባውን ለመርዌ ብንተው ድሃ አንሆንም።

እማማ ከሰባ ደረጃ ሥር፦
ልጆቼ፣ ይሄን የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይነካካል። «ለሱዳን እንስጥ፣ ለሱዳን አንስጥ» ትላላችሁ። እኔ ሰርቪስ ቤቴን ያከራየሁት ለሱዳን ሰው ነው። ጦርነቱ ሚያዝያ 2015 ሲነሳ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ሸሽቶ መጣ። አገሩ ሸንዲ ነው። አንድ ቀን በስልኩ ፎቶ አሳየኝ፤ ሾጣጣ የድንጋይ ክምር በአሸዋ ላይ። «ይሄ ምንድን ነው?» ስለው «የንግሥቶቻችን መቃብር ነው፣ ከሰፈራችን ቅርብ ነው» አለኝ። ለካ ያ መምህሩ ያሉት ነው። እናንተ የምትጨቃጨቁበት አገር ሰው እኔ ግቢ ፉል እየቀቀለ ነው።

ደላላው ደግሞ በየወሩ ይመጣል። «እማማ፣ ስደተኛ ነው፣ ምርጫ የለውም፣ እጥፍ ይጨምሩበት» ይለኛል። ጎረቤትም ያንኑ ይላል። ልዋሽ አልችልም፣ ሁለት ሌሊት አስቤበታለሁ። ኑሮው ተወዷል። ግን ሙሴ ኢትዮጵያዊት አገባ ብላ እህቱ ማርያም ያማችውን አስታወስኩ። ኦሪት ዘኍልቍ 12 ላይ ነው። የነቢይ እህት ሆና ሳለ ለምጽ ወጥቶባት ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ ነቢይ ወንድም የለኝም።

ፒያሳ ኬክ ቤት፦
እማማ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ታዲያ ጨመሩበት?

እማማ ከሰባ ደረጃ ሥር፦
ትንሽ ጨመርኩ። ለውኃና ለመብራት። እጥፍ ግን አልጨመርኩም። ደላላው አኩርፏል።

የጊዮርጊስ ዲያቆን፦
እማማ፣ ሰውየው ሙስሊም አይደለም? እንዲያው ለመጠየቅ ነው።

እማማ ከሰባ ደረጃ ሥር፦
ነው። ጾም ስይዝ ልጆቹን «ድምፅ አታሰሙ» ይልልኛል። እኔም በረመዳን ማታ ሾርባ እልክለታለሁ። ሌላ ምን ልንገርህ ዲያቆን?

የጊዮርጊስ ዲያቆን፦
ምንም። ይቅርታ እማማ። ግን አቋሜ ያው ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት «ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ» ብዬ ማስተማሬን አላቆምም። መርዌ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ካርታ ይዤ አሳያለሁ። ይሄን መምህር አሸንፈውኛል።

መምህር ከስድስት ኪሎ፦
እኔም ክፍል ውስጥ «ሱዳን ነው» ብዬ ዝም ማለቴን እተዋለሁ። ስሙ እንዴት ወደ እኛ እንደ ተሻገረ ሳልነግራቸው አልፌ ከሆነ፣ ያቺ ልጅ ራት ያልበላችው እንደኔ ባለ መምህር ምክንያት ነው።

የአራት ኪሎዋ፦
እማማ፣ ቅዳሜ ልጅቷን ይዣት ልምጣ? ያንን ፎቶ ታየዋለች። የሸንዲውንም ሰውዬ ራሷ ትጠይቀው።

እማማ ከሰባ ደረጃ ሥር፦
ነይ የኔ ልጅ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ሚስትየዋ ቡና ዝንጅብል ጨምራ ነው የምታፈላው። መጀመሪያ ያስነጥስሻል፣ ከዚያ ትለምጂዋለሽ። ከጀበና።

ፒያሳ ኬክ ቤት፦
ጀበናውስ የማን ነው? የኛ ወይስ የነሱ?

እማማ ከሰባ ደረጃ ሥር፦
እነሱም ጀበና ነው የሚሉት። አንተ ልጅ፣ እንዳትጀምር።