የገመድ አልባ ቴርሞስታት ሪሲቨር ሲቀየር ጥቁሩ ሽቦ የት ይታሰራል?

ጥያቄ

ቦይለሩን የሚያበራውና የሚያጠፋው የገመድ አልባ ቴርሞስታት ሪሲቨር ስለተበላሸብኝ፣ ሌላ አምራች የሠራውን አዲስ ሪሲቨር ከነቴርሞስታቱ ገዝቻለሁ። የአሮጌውን ክዳን ስከፍት ቡናማው ሽቦ ኤል ላይ፣ ሰማያዊው ኤን ላይ፣ ጥቁሩ 3 ቁጥር ላይ ታስረው አገኘሁ፤ አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለው ደግሞ የመሬት ምልክት ባለበት ተርሚናል ላይ ነው። በተጨማሪ ኤልን ከ1 ቁጥር ጋር የሚያገናኝ አጭር ሽቦ አለ። አዲሱ ግን ቁጥርም የመሬት ተርሚናልም የለውም፤ የተጻፈበት ኤል፣ ኤን፣ ኮም፣ ኤን ኦ እና ኤን ሲ ብቻ ነው። ጥቁሩን የት ላስገባው? አጭሩ ሽቦስ ያስፈልጋል?

መልስ 1

ኤልና ኤን ሪሲቨሩ ራሱ የሚሠራበትን ኃይል ያስገባሉ እንጂ ለቦይለሩ ምንም አያስተላልፉም። ቦይለሩን የሚያዘው በውስጡ ያለው ሪሌይ ሲሆን፣ እርሱም ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ቴርሞስታቱ ሙቀት ሲጠይቅ ኮምን ከኤን ኦ ጋር ያገናኛል፣ ጥያቄው ሲያበቃ ግን ኮምን ወደ ኤን ሲ ይመልሳል። ከገለጹት እንደምረዳው፣ በአሮጌው ላይ አጭሩ ሽቦ ፌዙን (ኤል ላይ የሚገባውን ኃይል) ወደ ሪሌዩ ያስገባ ነበር፤ ጥቁሩም ያንኑ ፌዝ ተቀብሎ ወደ ቦይለሩ ይወስዳል። ስለዚህ በአዲሱ ላይ ኤልን ከኮም ጋር ያገናኙና ጥቁሩን ኤን ኦ ላይ ይሰሩት። አጭሩ ሽቦ ከተረሳ የሪሲቨሩ መብራት ይበራል፣ ሪሌዩም ቀጭ ሲል ይሰማል፣ ቦይለሩ ግን አይነሳም። ጥቁሩ በስህተት ኤን ሲ ላይ ከታሰረ ደግሞ ቤቱ ሲሞቅ ቦይለሩ ይነድዳል፣ ሲቀዘቅዝ ያቆማል።

የመሬት ሽቦውን አይቁረጡት፤ በፕላስቲክ ማገናኛ ይዘው ለብቻው ያስቀምጡት።

መልስ 2

ድምዳሜው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በቀለምና በቁጥር ብቻ መወሰኑ ያሳስበኛል። የቁጥሮቹ ትርጉም ከአምራች አምራች ይለያያል። ጥቁር ሽቦም በብሪታንያ እስከ እ.ኤ.አ. 2006 ድረስ በቆየው የድሮ አሠራር ኒውትራል (ኤን ላይ የሚታሰረው የመመለሻ ሽቦ) ነበር፣ በአሜሪካ ደግሞ ፌዝ ነው። በመሆኑም የአሮጌውን ሥዕላዊ መግለጫ ይፈልጉና ጥቁሩ ቦይለሩ ውስጥ የት እንደሚደርስ በዓይንዎ ይዩ። ከዚያ በፊት ብሬከሩን ያጥፉ፤ ቴስተሩን ኃይል እንዳለው በሚያውቁት ቦታ ሞክረው ሽቦዎቹን ከፈተሹ በኋላም እንደገና በዚያው ቦታ ይሞክሩት፣ ምክንያቱም የተበላሸ ቴስተር ኃይል ያለበትን ሽቦ የሌለበት ያስመስላል።

አዲሱን ሪሲቨር ግድግዳው ላይ ከማሰርዎ በፊት መልቲሜትሩን ኮንቲኒዩቲ (ሁለት ጫፎች መገናኘታቸውን በድምፅ የሚያሳውቀው ምርጫ) ላይ አድርገው ይለኩት። ኃይል ሳይገባበት አብዛኛውን ጊዜ በኮምና በኤን ሲ መካከል ይጮኻል፣ በኮምና በኤን ኦ መካከል ዝም ይላል።

መልስ 3

ይህን የሚያነቡ ሌሎችም ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። የእርስዎ አሮጌ ሪሲቨር አጭር ሽቦ ስለነበረው ቦይለሩ ከ220 እስከ 240 ቮልት ያለውን ፌዝ እንደ ትእዛዝ ይቀበላል ማለት ነው። ነገር ግን አጭሩ ሽቦ ከሌለና ከቦይለሩ የመጡ ሁለት ሽቦዎች በሪሌዩ ሁለት ጫፎች ላይ ብቻ ታስረው ከተገኙ፣ ቦይለሩ የራሱን ቮልቴጅ፣ ለምሳሌ 24 ቮልት፣ እየላከ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለው ላይ ኤልን ከኮም ጋር ማገናኘት የቦይለሩን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሊያቃጥል ይችላል። ቴርሞስታትና ቦይለር መረጃ በሚለዋወጡበት ኦፕንተርም በተባለው የመገናኛ ዘዴ የሚሠሩት ሁለት ሽቦዎችም እንደዚሁ ፌዝ ፈጽሞ ሊነካቸው አይገባም።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በአሮጌው ክዳን ውስጥ የተለጠፈው ሥዕል 1 ቁጥር የጋራው፣ 3 ቁጥር ደግሞ ሙቀት ሲጠየቅ የሚገናኘው መሆኑን ያሳያል፤ ጥቁሩም ቦይለሩ ውስጥ የክፍል ቴርሞስታት መግቢያ በሚል በተጻፈበት ተርሚናል ላይ ታስሯል። አጭሩን ሽቦ ከዋናው ጋር እኩል ውፍረት ባለው ሽቦ ሠርቼ፣ ጥቁሩን ኤን ኦ ላይ አሰርሁ። ቴርሞስታቱን ወደ 25 ዲግሪ ሳደርገው ቦይለሩ ተነሣ፣ ወደ 10 ስመልሰው ጠፋ።