ስለተዘጋው ሲኒማ ለካውንቲው የምናስገባው ፕሮፖዛል፣ ሀሳብ ስጡበት

የማኅበሩ ፀሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የገበያ ማዕከሉ (ሞሉ) ጎን ያለው ባለ 10 አዳራሽ ሲኒማ ከተዘጋ ወዲህ ቦታው ምን ይሁን እየተባለ ነው፣ ካውንቲው (የአካባቢያችን አስተዳደር) የነዋሪ ሀሳብ እየተቀበለ ስለሆነ እኛም አንድ የጋራ ጽሑፍ እናስገባ ተባብለን ነበር። ረቂቁ ባጭሩ "ሲኒማው እንዳለ ተመልሶ ይከፈት" ነው የሚለው። ያልተስማማችሁበትን እዚሁ ጻፉልኝ፣ ዓርብ ማታ እዘጋዋለሁ።

የፊልም ኮሚቴ፦
እህቴ እግዜር ይስጥሽ ደክመሽበታል። ግን ተመልሶ ይከፈት ካልን መጀመሪያ የሚጠይቁን ለምን ተዘጋ ብለው ነው፣ እሱን ሳንመልስ ባንገባ ጥሩ ነው። አብዛኛው ሰው ኮቪድ ነው የዘጋው ይላል፣ እኔ ግን ጉዳዩ ከዛ በፊት ብዙ ዓመት የቆየ ነው ባይ ነኝ። ይሄ አይነት ሲኒማ እንዴት እንደመጣ ተመልከቱ፦ ስታንሊ ደርውድ የሚባለው፣ ኤኤምሲ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ሲኒማ ድርጅት ባለቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ዋርድ ፓርክዌይ የሚባል የገበያ ማዕከል ላይ ሁለት አዳራሽ ጎን ለጎን ከፈተ፣ ሀሳቡ በአንድ አዳራሽ ሠራተኛ ሁለት ፊልም ማሳየት ነበር። ከዛ ፊልሙን በሙሉ ቀጣጥሎ አንድ ትልቅ ሰሃን ላይ የሚጠቀልል ማሽን መጣና አንድ ኦፕሬተር 6 እና 8 እና 10 ስክሪን ማንቀሳቀስ ቻለ፣ ሕዝቡም ወደ ከተማ ዳር እየወጣ ነበር፣ ፓርኪንጉ ነፃ፣ መሀል ከተማ ያሉት ትልልቅ ሲኒማዎች በዚህ ምክንያት ነው አንድ በአንድ የተዘጉት።

ከዛ ደግሞ ራሳቸውን በሉት። በ1995 ዳላስ ላይ ግራንድ የሚባለው የኤኤምሲ ባለ 24 አዳራሽ ሲኒማ ተከፈተ፣ ወንበሩ እንደ ስታዲየም ደረጃ ደረጃ ያለው፣ የፊተኛው ሰው ጭንቅላት የማይከልልህ። እሱን ያየ ሰው ተመልሶ እንደኛው አይነት ወለሉ ትንሽ ብቻ ያዘመመ አዳራሽ አይገባም። ሁሉም ድርጅት እየተበደረ ባለ 20 ባለ 24 መገንባት ጀመረ፣ የድሮዎቹ ባዶ ቢቀሩም የኪራይ ውላቸው ረጅም ስለነበር ኪራዩ ይከፈላል። ውጤቱ በ2000 እና በ2001 ታየ፣ ካርማይክ፣ ኤድዋርድስ፣ ዩናይትድ አርቲስትስ፣ ጄኔራል ሲኒማ፣ ሎውስ፣ ሪጋል የሚባሉት ትልልቅ የሲኒማ ድርጅቶች ሁሉም ባንክረፕሲ (ኪሳራ) ገቡ። ኮቪድ ከመምጣቱ 20 ዓመት በፊት ማለት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
በቁጥር ላግዝህ ወንድሜ። አሜሪካ ውስጥ በ2002 ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ትኬት ተሸጧል፣ በ2019 ወደ 1.2 ቢሊዮን ወርዷል፣ የሕዝቡ ቁጥር ግን በዛው ጊዜ ጨምሯል። ደግሞ ትኬቱን ሲኒማው አይበላውም፣ ትልቅ ፊልም ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከግማሽ በላዩን የሚወስደው የፊልሙ አከፋፋይ ነው፣ ሲኒማው የሚኖረው በፈንዲሻና በለስላሳ ነው። እና ማክሰኞ ከሰዓት 10 አዳራሽ ሙሉ ወንበር ባዶ ሆኖ መብራቱም ማሞቂያውም ታክሱም አይቆምም። "ማኅበሩ ይግዛው" የሚል ሀሳብም በስልክ ደርሶኛል፣ በማኅበሩ ገንዘብ ላይ ኃላፊነት ስላለብኝ እሱን አልደግፍም፣ የዕድርና የትምህርት ቤቱን ገንዘብ እዛ ውስጥ ማስገባት አንችልም።

እናት አባል፦
ልጆቼ የምትሉት ይገባኛል ግን አንድ ነገር ልበል። እኛ እዚህ ስንመጣ ከቤተክርስቲያንና ከምግብ ቤት ሌላ ሁላችንም አንድ ላይ የምንቀመጥበት ቦታ አልነበረንም። እሁድ ከሰዓት አዳራሽ ተከራይተው የአማርኛ ፊልም ሲያሳዩ ሰው ነጠላውን ለብሶ ልጁን ይዞ ነበር የሚመጣው፣ ሰልፉ እስከ ፓርኪንጉ ይደርሳል፣ ሳልገናኛት ስንት ዓመት የቆየሁትን ሰው እዛ በር ላይ ነው ያገኘሁት። እዚህ ተወልደው አማርኛ የማይናገሩት ልጆች አዳራሹ ሲስቅ አብረው ይስቁ ነበር። ይሄ እንዲጠፋብን አልፈልግም። ያ ደረጃ ደረጃ የምትሉት አዲሱ አዳራሽ ደግሞ ለጉልበታችን አይሆንም፣ በጨለማ ያን ሁሉ ደረጃ መውጣት አልችልም።

የፊልም ኮሚቴ፦
እትዬ ይሄ በደንብ መጻፍ ያለበት ነው። በነዚህ ደረጃ ባላቸው አዳራሾች በዊልቸር የሚሄዱ ሰዎች ከስክሪኑ ሥር ፊት ላይ ብቻ እየተደረጉ አንገታቸውን ቀና አድርገው ነበር የሚያዩት፣ የፌደራሉ ፍትህ ሚኒስቴር በ1999 ኤኤምሲን የከሰሰው በዚሁ ነው። አረጋውያን የሚገቡበት ደልዳላ ወለል የሚለው የራሱ አንቀጽ ይኑረው።

ኮንስትራክሽን የሚሠራ አባል፦
እኔ ሕንፃውን ላስረዳችሁ። ሲኒማ መስኮት የለውም፣ ወለሉ ያዘመመ ነው፣ ግድግዳው ድምፅ እንዳያሳልፍ ወፍራም ነው፣ ወደ ሱቅ ወይ ወደ ክሊኒክ ልቀይረው ብትል ከባድ ወጪ ነው፣ ስለዚህ ዴቨሎፐሩ (ቦታውን የሚያለማው ድርጅት) አፍርሶ አፓርትመንት መሥራት ነው የሚቀለው፣ እሱን የሚስበው ሰፊው ፓርኪንግ ነው። እንዳለ ይቆይ ብንል አንሰማም። አፓርትመንት ሲሠራ ግን ምድር ቤቱ ላይ ለሕዝብ የሚሆን ነገር እንዲያስገባ ካውንቲው መደራደር ይችላል፣ እኛ እዛ ላይ ነው መግባት ያለብን። 150 ሰው የሚይዝ፣ ወንበሩ የሚሰበሰብ፣ ወለሉ ደልዳላ የሆነ አንድ አዳራሽ።

ከነባር አባላት አንዱ፦
10 አዳራሽ ሄዶ አንድ? ይሄ እኮ ገና ሳንጠይቅ መተው ነው፣ ከፍ አድርገን ጠይቀን ቢቀንሱን አይሻልም?

የወጣቶች ክፍል፦
ጋሼ በአክብሮት፣ እኛ መቼም ቢሆን 10ሩን ሞልተን አናውቅም፣ አንዱን ነበር የምንሞላው፣ እሱንም በወር አንዴ። ኃይሌ ገሪማን አስታውሱ፣ በ1993 ሳንኮፋ የሚለውን ፊልሙን ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንወስድም አሉት፣ እሱ ራሱ አዳራሽ እየተከራየ በየከተማው አሳየው፣ ሕዝቡም መጣለት። እኛን ከመጀመሪያውም የያዘን የኪራዩ ሰዓትና ዋጋ ነበር፣ ቅዳሜ ማታ ለሆሊውድ ነው፣ ለኛ የሚሰጡን ማንም የማይፈልገውን ሰዓት ነው። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ላይ የአዳራሹ ቁጥር ሳይሆን ሰዓቱ ይጻፍ፣ ለማኅበረሰብ ድርጅቶች በወር የተወሰነ የቅዳሜና የእሁድ ሰዓት በቅናሽ። ሌላው ከ35 ሚሊሜትር የፊልም ጥቅል ወደ ዲጂታል ከተዞረ ወዲህ ሲኒማ ቤት ዲሲፒ የሚባል ፋይል ነው የሚፈልገው፣ ከአዲስ አበባ የሚላኩ ብዙ ፊልሞች በዛ አይመጡም፣ አዳራሹ ከተራ ላፕቶፕም መቀበል አለበት። እሱን ካላስገባን አዳራሹን አግኝተንም ፊልሙን ማሳየት አንችልም።

ከነባር አባላት አንዱ፦
ሰዓቱ ከተጻፈ እስማማለሁ። ግን የሶማሌዎቹንና የሳልቫዶሮቹን ማኅበር ጨምሩ፣ ለብቻችን ከምንገባ አብረን ብንፈርም ይሻላል፣ እነሱም እዛው ሲኒማ ነበር የሚሰበሰቡት።

የማኅበሩ ፀሐፊ፦
ሁሉንም አይቻለሁ፣ አመሰግናለሁ። ረቂቁን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦

"ቦታው ሲለማ ምድር ቤቱ ላይ ደልዳላ ወለልና የሚሰበሰብ ወንበር ያለው፣ ወደ 150 ሰው የሚይዝ አንድ የማሳያና የመሰብሰቢያ አዳራሽ እንዲኖር፣ በወር የተወሰነ የቅዳሜና እሁድ ሰዓት ለማኅበረሰብ ማኅበራት በቅናሽ እንዲመደብ፣ መሣሪያው ማንኛውንም የተለመደ የቪዲዮ ፋይል እንዲቀበል እንጠይቃለን።"

የሲኒማው ታሪክና የትኬቱ ቁጥር ከኋላ እንደ አባሪ ይገባል። ገንዘብ ያዣችን ቅናሹ ስንት ቢሆን አቅማችን ይችላል የሚለውን እስከ ሐሙስ ስጠኝ፣ እትዬ እርስዎ ደግሞ ስለ እሁዶቹ የጻፉትን እንዳለ ላስገባው ይፈቅዱልኛል? ሁለቱን ማኅበራት የሚያውቅ ሰው በውስጥ ይጻፍልኝ፣ ፊርማ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ እንጀምራለን።

እናት አባል፦
አስገቢው ልጄ። የጓደኞቼንም ልጠይቃቸው፣ እነሱም የሚሉት አላቸው።