የኒው ኦርሊንስ ባውንስ ሙዚቀኛ በምን ይኖራል?

ጠያቂ፦
ሰላም ናችሁ? ሰሞኑን ባውንስ የሚሉት፣ የአሜሪካዋ የኒው ኦርሊንስ ከተማ የራፕ ዓይነት ይዞኛል። የባውንስ ራፐሯን ቢግ ፍሪዲያን ያወቅኳት እንደ ብዙ ሰው ነው፤ በፈረንጆቹ በ2016 እና በ2022 በቢዮንሴ፣ በ2018 ደግሞ በድሬክ ዘፈን ውስጥ በሰማሁት ድምፅ። ግን የባውንስ ሙዚቀኞች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከተማቸውን ሲያስጨፍሩ ኖረዋል። ያን ሁሉ ዘመን በምን ይተዳደሩ ነበር? የምታውቁ እስቲ አጫውቱኝ።

ባሱ ይምታ፦
በመድረክ ነዋ ወዳጄ። ባውንስ ከመነሻው የጭፈራ ሙዚቃ ነው። ኤምሲ ቲ ታከርና ዲጄ ኧርቭ በ1991 ያስቀረፁት ዘፈን እንደ መጀመሪያ ይቆጠራል፤ ቢቱ፣ ማለት ከሥር የሚመታው ምት፣ ግን ሾውቦይስ የሚባሉ የኒው ዮርክ ልጆች በ1986 ካወጡት ራፕ የተወሰደ ነው። ያቺው ቢት እስከ ዛሬ ትመታለች።

አጨዋወቱን ልብ ብለህ ስማ። ራፐሩ ረጅም ታሪክ አይተርክም። አንዲት ሐረግ ያወጣል፣ ሰዉ ይቀበላል። ከዚያ ሰፈር መጥራት ይጀምራል፦ ማግኖሊያ! ካሊዮፕ! ሜልፖሜኒ! የተጠራው ሰፈር ልጅ ሁሉ እየጮኸ መሃል ይገባል። እንዲህ ያለው ነገር ስቱዲዮ ሲገባ ግማሹ ይቀራል፣ ተቀባዩ የለማ። ገንዘቡም ያለው እዚያው ክለቡና የሰፈር ድግሱ ላይ ነው።

ፍሪዲያም ከዚሁ ነው የወጣችው። በልጅነቷ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበረች። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከባውንስ ራፐሯ ከኬቲ ሬድ ኋላ ተቀባይ ሆና መድረክ ወጣች። ጎን ለጎን የዲኮር ሥራ ነበራት።

የካሴት ዘመን፦
ዲጄ ጁቢሊን ማንም አያነሳም እንዴ? እኔን የሚያንገበግበኝ የእሱ ነገር ነው። ቀን አስተማሪና የአሜሪካን ፉትቦል አሠልጣኝ፣ ማታ ዲጄ። በ1997 አንዲት የጭፈራ ዘፈን ቀረፀ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ራፐሩ ጁቨናይል ካሽ መኒ በሚባለው ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ) በኩል ስሟ ከዚያችኛው ጋር አንድ ሊሆን ምንም ያልቀረው ዘፈን አወጣ፣ እሷም በ1999 አሜሪካን አዳረሰች። የጁቢሊ ሌብል ከሰሰ። በ2003 ለእነካሽ መኒ ተፈረደ፣ በ2004 ይግባኙም ውድቅ ሆነ።

ፍርዱን አልቃወምም፣ ባውንስ ውስጥ ሐረግ ከአፍ አፍ ሲዞር የሚኖር ነገር ነው። ግን ካሽ መኒ በ1998 ከትልቁ የሙዚቃ ኩባንያ ከዩኒቨርሳል ጋር ተዋውሎ ዘፈኑን በየከተማው የሚያደርስለት አግኝቶ ነበር። ጁቢሊ የነበረው ትንሽ የከተማው ሌብል ነው። ችሎታማ ሁለቱም አላቸው፤ ኑሯቸውን የለያየው ማን ያከፋፍላቸዋል የሚለው ነው።

ማርሽ ባንድ፦
ካትሪና የተባለውን አውሎ ነፋስ ሳታነሱ የፍሪዲያ ታሪክ አይሞላም። በ2005 ከከተማው 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ውስጥ ገባ። እሷም እንደሌላው ቴክሳስ ተሰደደች፣ እዚያም ባውንስ ማስጨፈሯን ቀጠለች፣ ከዚያ ተመልሳ ገና መብራት ያልተሟላለት ከተማ ውስጥ ክለብ መጫወት ጀመረች። ሰዉ ቤቱ ፈርሶበታል፣ እጁ ላይ ግን የመንግሥት ዕርዳታ ገንዘብ አለ፣ አርብ ማታ ደግሞ ማልቀስ ሰልችቶታል። የሥራዋ መሠረት የተጣለው ያኔ ነው ባይ ነኝ። የቴሌቪዥን ፕሮግራሟ በ2013፣ ቢዮንሴ ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው የመጡት።

ሁሉም ግን እዚያ አልደረሰም። የባውንስ ራፐሯ ማግኖሊያ ሾርቲ በ2010 በ28 ዓመቷ እዚያው ከተማ በጥይት ተገደለች። ሌላው የባውንስ ራፐር ፊፍዝ ዋርድ ዊቢ በዚያው በ2018ቱ የድሬክ ዘፈን ላይ ድምፁ አለ፤ በ2020 ሲሞት ገና 42 ዓመቱ ነበር። ከኒው ኦርሊንስ ውጭ ስማቸውን ስንቱ ያውቃል?

ጠያቂ፦
ተባረኩ። የጁቢሊን አላውቅም ነበር፣ ገና ዛሬ ሰማሁ። ከየት ልጀምር ታዲያ?

ባሱ ይምታ፦
አልበም አትፈልግ። መጀመሪያ የክለብና የሰፈር ድግስ ቅጂ ፈልግ፣ የተመልካቹ ድምፅ አብሮ የተቀዳበትን። ሾውቦይስን ከዚያ በኋላ ስማቸው፣ ቢቷን ወዲያው ትለያታለህ።